ለኪሮስ ልጅ አንድ ጉንጭ

ማኅበርተኞቼ ጽዋ ከልክለው በር ላይ አስቀመጡኝ። በደሉ ይኸው ነው። ጥፋትህ ምን ነበር ለሚለኝ ደግሞ መልሱ አጭር ነው፦ ሃያኛ ዓመቱን ለያዘ ወጣት አንድ ጉንጭ ስዋ አቀመስኩ።

ስዋ ማለት ጠላ ነው። ባለቤቴ ዘነቡ የወልድያ ሰው ስለሆነች ይህን ስጽፍ በትከሻዬ በኩል እያየች «ጠላ ብለህ ጻፍ እንጂ፣ ሰው ምን ብሎ ይረዳሃል?» ትለኛለች። መቐለ ተጠምቆ መቐለ የተጠጣን ነገር በሌላ ስም አልጠራም። እሷ ግን የመናገር መብት አላት፤ ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፣ ያውም ጢሜ ከሸበተ በኋላ። ለዚህ ነው በአማርኛ የምጽፈው። የምቆጣው ግን እስከ ዛሬ በትግርኛ ነው፤ ቁጣን ማንም አላስተማረኝም።

ሥራዬ ድንጋይ መጥረብ ነው። ድንጋይ እወዳለሁ። ስትመታው ወይ ይሰነጠቃል ወይ አይሰነጠቅም። እንደ ማኅበርተኛ ጉሮሮውን ጠርጎ «ለሚቀጥለው ወር ይደር» አይልህም።

ማኅበራችን የሚካኤል ነው። ወር በገባ በዐሥራ ሁለት ተራ በደረሰው ሰው ቤት እንሰበሰባለን። ቄሳችን ቀሺ ሓጎስ ይባርካሉ፣ ሕምባሻው ይቆረሳል፣ ጽዋው በስዋ ተሞልቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የማኅበር መሪ «ሙሴ» ይባላል፤ የእኛ ሙሴ አቶ ግደይ ነው፣ ጡረታ የወጣ የቢሮ ሰው። የመጽሐፉ ሙሴ ያን ሁሉ ሕዝብ ባሕር አሻገረ። የእኛው አንድ ልጅ ከበር ወደ መደብ ማሻገር አቃተው።

ማኅበርተኛ ሲሞት ቦታው የልጁ ነው። ነገር ግን ልጁ የአባቱ ሙት ዓመት ሳያልፍ በአባቱ ቦታ ተቀምጦ ከጽዋው መጠጣት አለበት። ካልጠጣ ቦታው ለውጭ ሰው ይሰጣል። ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው ታሞ አያውቅም። ማኅበር ያለው ሰው ቢታመም የሚጠይቀው አለ፣ ቢሞት የሚሸከመው አለ፣ ጣራው ቢወድቅ ቆርቆሮ ይዞ የሚመጣ አለ። ማኅበር የሌለው ጎረቤት ብቻ ነው ያለው፤ የዛሬ ጎረቤት ደግሞ በሩን ከዘጋ ዘጋ ነው።

ኪሮስ ባልንጀራዬ ነበር። ያለፈው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ ሞተ። ሊሞት ሲል እንደ ወንድም እጄን ይዞ «ሓወይ፣ ቦታዬን ለባዕድ እንዳትሰጡብኝ። ለሓፍቶም» አለኝ። «እወ» አልኩት፣ አዎ። ለሚሞት ሰው እወ ብለህ ስታበቃ «የዕድሜ ጉዳይ ስላለ እንነጋገርበት» አትልም።

ሓፍቶም የኪሮስ የበኩር ልጅ ነው። ረዥም፣ ዝምተኛ፣ የአባቱን ጆሮ የወረሰ። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ በመጀመሪያው ማኅበር ይዤው ሄድኩና የአባቱ ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ጽዋው እኔ ጋ ሲደርስ ቀመስኩና ለእሱ አቀበልኩ። ልጁ በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ አፉ ሲያስጠጋ አቶ ግደይ ብድግ አለ።

«አቁም! ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃያኛውን ይዟል» አልኩ።

«ሕጉ ሃያ አንድ ነው የሚለው!»

«የቱ ሕግ?»

«የአገሪቱ!»

ሁላችንም ወደ ሓፍቶም ዞርን። ጉንጩ ሞልቷል፣ ዐይኑ ፈጧል። ይትፋው እንዳይባል የተባረከ ነገር ነው፤ ይዋጠው እንዳይባል የአገሪቱ ሕግ አለ። ልጁ ለሁለቱም አስቦ አስቦ ዋጠው።

«ዋጥከው?» አለው ግደይ።

«ዋጥኩት» አለ። አባቱም እንዲህ ነበር፤ ውሸት አያውቅም።

እነሆ ጠጣ፣ ነገሩ አለቀ ብዬ ሕምባሻዬን ላነሳ ስል ግደይ ያ ጉንጭ በሕገወጥ መንገድ ስለተዋጠ እንዳልተዋጠ ይቆጠር አለ። ተስማሙበት! ከጉሮሮ የወረደን ስዋ በእጅ ብልጫ መለሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ያለ ፈቃድ ጽዋ ያቀበለ ነገሩ እስኪወሰን በር ላይ ይቀመጣል።

በዚህ ከተማ ስዋ በስንት ዓመቱ እንደጀመረ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። በዓል በመጣ ቁጥር አንዷ አክስት ከጣሳዋ ጫፍ ታቀምሰንና «ጣፈጠ?» ትለናለች፤ እኛም የጌሾ ፍርፋሪ ከንፈራችን ላይ ይዘን ስንሮጥ እንውላለን። ግደይም እንደዚያው አድጓል። ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶት ሕጉ ሲፈቅድለት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰው የሚል ካለ ሚስቱን ይጠይቅ።

ልጽፈው ያልፈለግኩት ሌላም ነገር አለ፤ ግን እጽፈዋለሁ። ለኪሮስ ቦታ ሰው ተዘጋጅቶለት ነበር። የግደይ ሚስት ወንድም። ሥራው ምን መሰላችሁ? ቢራ አከፋፋይ! ወጣቱን ከመጠጥ እንጠብቅ ብሎ የሚጮኸው ሰው ለቢራ አከፋፋይ ነው መደብ የሚጠርገው።

የተቀጣ ሰው ሥርዓቱ ይህ ነው፦ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፣ ሕምባሻ ይደርሰዋል፣ ጽዋ አይደርሰውም፣ ወደ ውስጥም ቃል አይናገርም። እዚያ ቅጣት ላይ ከእኔ በፊት አንድ ሰው ብቻ አስታውሳለሁ፤ ራሱ ኪሮስ። ገና ያላገባ ጎረምሳ ሳለ በዓመታዊው በኅዳር ሚካኤል ጽዋው ዞሮ ካበቃ በኋላ እያለከለከ ደረሰ። የት ነበርክ? መልስ የለም። በር ላይ አስቀመጡት። ሌላ ሰው ያፍራል። እሱ ሕምባሻውን እያላመጠ ለብቻው ሲስቅ አመሸ። «ምን ያስቅሃል?» ብለው «ሚካኤል ያውቃል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በጠየቅሁት ቁጥር መልሱ ያው ነበር።

እኔ ግን በር ላይ አልሳቅሁም። አነበብኩ። ግደይ ሲያየኝ «ትናንት ሀ ያለ ሰው ሕግ ሊያስተምረን ነው!» ብሎ ነበርና ሕጉን ራሴ ካላነበብኩ አልተኛም አልኩ። ሕጉ የት እንዳለ አላወቅሁም። የአማቹ ቢራ ግን ወዴት እንደሚራገፍ አውቃለሁ፤ ጠርሙሱ ላይ ደግሞ ስለ ዕድሜ የተጻፈ አለ። ሄጄ ከመኪናው ኋላ አንድ ጠርሙስ አነሳሁና ፊደሉ ትንሽ፣ ዐይኔም ሰነፍ ስለሆነ ወደ ፀሐይ አዙሬ ቀስ እያልኩ ማንበብ ጀመርኩ። «ከ… ሃያ… አንድ… ዓመት… በታች…»

«ኧረ ሽማግሌ! ጠርሙሱን አስቀምጥ!» አለኝ ተሸካሚው።

«እያነበብኩ ነው!»

«ሁሉም ሲያዝ እንደሱ ነው የሚለው!»

አንገቴን ይዘው ከሳጥኖቹ ሲያርቁኝ የመጨረሻዋን ቃል አገኘኋት። «አይሸጥም» ነው የሚለው። ማግኘቴ ስላስደሰተኝ «አይሸጥም! አይሸጥም!» እያልኩ በዋናው መንገድ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሰው እብድ ነው አለ። ይበል። እኛ ጽዋ እንሸጣለን?

በሚቀጥለው ወር ክርክሩን ከፈትኩት። የማኅበራችን የመጠጫ ዕድሜ ከሃያ አንድ ወደ ዐሥራ ስምንት ይውረድ! ይህ ክርክር በሬዲዮም አለ አሉ፤ ትልልቅ ሰዎች ይውረድ አይውረድ ይባባላሉ። እነሱ ማይክሮፎን አላቸው፤ እኔ ወደ ውስጥ መናገር እንኳ ተከልክያለሁ። ስለዚህ ጀርባዬን ወደ ማኅበሩ፣ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ጮክ ብዬ ለመንገዱ ተናገርኩ። መንገዱ ላይ ደግሞ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ባጃጅ ቆሟል።

«ሃያኛ ዓመቱን የያዘ ማግባት ይችላል አይችልም?» አልኩ።

ባለባጃጁ ዙሪያውን አየና እሱን መሆኑ ሲገባው «ይችላል፣ አቦይ» አለ።

«መምረጥስ?»

«ይችላል።»

«በዚያ ክፉ ጊዜ ከዓይናለም የሚመጣው የከተማው ውሃ ሲቋረጥ ለዚህ ሰፈር አሮጊቶች ጀሪካን የተሸከመው ሓፍቶም ነው። ያኔ ዕድሜውን የጠየቀው አለ?»

«ማንም አልጠየቀም!» አለ ባለባጃጁ፣ ሓፍቶም ማን እንደሆነ ሳያውቅ። «እኔ ራሴ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ጭኜ እውላለሁ። ጽዋ መጠጣት ግን አትችልም ልባል ነው?»

ከውስጥ የቀሺ ሓጎስ ድምፅ መጣ፦ «ባለባጃጁስ ባይጠጣ ይሻላል!»

በእሱ ላይ ቀሺ ልክ ናቸው። ያስመሰከርኩት ሰው ሹፌር መሆኑ የእኔ ጥፋት ነው።

ግደይ ዝም አላለም። እሱም በመስኮት በኩል ለመንገዱ ተናገረ፤ እንዲህ ሆነን ሁለታችንም ለአንድ ባጃጅ ተከራከርን። «ሥራ የሌለው፣ ትምህርቱ የተቋረጠበት፣ ያየውን ያየ ልጅ ነው በየመንደሩ ያለው። እንዲህ ያለው ልጅ መጠጥ ከጀመረ ማን ይመልሰዋል? የጎረቤቴን ልጅ ከቦይ ውስጥ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እናቱ ስታለቅስ የሰማሁት እኔ ነኝ» አለ።

እውነት አለው። ተናድጃለሁ እንጂ አልደነቆርኩም። ያንን ልጅ ከቦይ ስናወጣ እግሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ነገር ግን ያ ልጅ የጠጣው ብቻውን፣ ከግንብ ጀርባ፣ ማንም «ይበቃሃል» ሳይለው ነው። ሓፍቶምን የጠራሁት ዐሥር ሽማግሌ ወደሚያየው፣ ቄስ ወደባረከው፣ አንዲት ጉንጭ ቀምሶ ወደሚያሳልፈው ጽዋ ነው። እዚህ ከከለከልነው የት ሄዶ ይማር? ይህን ስናገር ድምፄ ሳይታወቀኝ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ስለዚህ ባጃጁ አልሰማኝም፤ ተሳፋሪ አግኝቶ ሄደ።

«ለሚቀጥለው ወር ይደር» አለ ግደይ።

አደረ። በሚቀጥለውም ወር አደረ። አንዱ ዐሥራ ስምንት ይሁን ይላል፣ አንዱ ዐሥራ ዘጠኝ፣ አንዱ ያገባ ከሆነ ይጠጣ ይላል። አንዱማ ስዋው ይቅጠንለት አለ! ክረምት ገባ፤ በር ላይ ዝናቡ በአንድ ትከሻዬ ብቻ ይወርዳል፤ እኔ ግን አልተነሳሁም። ይቅርታ በልና ግባ አሉኝ። ይቅርታ የምለው ምን አድርጌ ነው?

የኪሮስ ሚስት ለምለም አንድ ቀን ድንጋይ ወደምጠርብበት መጣች። «ሓወይ፣ ተወው» አለችኝ። «አንተም በር ላይ ቀረህ። ሰው እንዳይጣላ ተወው። ኪሮስን አጥቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ሰዉን አልጣ።»

«ቦታውን ካጣሽ ሰዉንም ታጫለሽ፣ ሓፍተይ» አልኳት።

ነጠላዋን ወደ ፊቷ አመጣች። እኔ መዶሻ ነበረኝ፤ የተሠራ ጥሩ ድንጋይ ሰበርኩ።

መፍትሔው የመጣው ነሐሴ ላይ፣ ከዘነቡ ነው። ጠዋት መዶሻዬን ሳነሳ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ጽንሰታ ለማርያም አይደል? ምን ልትሠራ ነው?» አለችኝ። ቆምኩ። እመቤታችን የተፀነሰችበትን ቀን እናከብራለን! እንግዲያው ሰው ሰው የሚባለው ከተወለደ ጀምሮ ሳይሆን ከተፀነሰ ጀምሮ ነው። ሓፍቶም ደግሞ በዚሁ በነሐሴ ሃያ ሞላው። በኅዳር ሚካኤል ላይ ሦስት ወር ይጨምራል፤ በእናቱ ሆድ ያሳለፈው ዘጠኝ ወር ሲደመርበት ሃያ አንድ! ዘነቡን ጉንጯን ሳምኳት። «ፍልሰታ ነው!» ብላ ገፈተረችኝ።

ለማንም ሳልናገር ኅዳርን ጠበቅሁ። የኅዳር ሚካኤል ተራ የኪሮስ ቤት ነበር። ከሙት ዓመቱ በፊት የቀረው የመጨረሻው ማኅበር እሱ ነው። ስዋውን የጠመቀችው ለምለም ናት፤ ውሃውንና ጌሾውን የተሸከመው ሓፍቶም ነው። እንዳይጠጣ ይከለከላል፣ እንዳይሸከም ግን የከለከለው የለም። የግደይ አማችም አዲስ ጋቢ ለብሶ መጥቶ ጥግ ይዟል።

እኔ ደጃፉ ላይ፣ ቦታዬ ላይ ነኝ። ቀሺ ባርከው እንዳበቁ «ቀሺ፣ አንድ የሃይማኖት ጥያቄ አለኝ» አልኩ። የሃይማኖት ጥያቄ ከሆነ በር ላይ ያለም መጠየቅ ይችላል። ጽንሰታን ጠየቅኳቸው። ሰው ከጽንሰቱ ይቆጠራል አይቆጠርም?

ቀሺ ሓጎስ ደስ ብሏቸው «ይቆጠራል እንጂ!» አሉና ማስተማር ጀመሩ። ማስተማር ሲጀምሩ ደግሞ ረዥም ናቸው። መሐል ላይ ስሌቴን ነገርኳቸው። በዚያው ቅጽበት ፊታቸው ተለወጠ። ለምለምን አዩ፣ መሬቱን አዩ፣ መቋሚያቸውን ማየት ጀመሩ። ምን ነካቸው አልኩ በልቤ።

ግደይ ግን ፈገግ አለ። እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። «እሺ! ከጽንሰት ይቆጠር። በሁላችሁ ፊት እቀበላለሁ። ቀሺም ይመስክሩ» አለ።

«ተቀበልክ?» አልኩ።

«ተቀበልኩ። ነገር ግን የኪሮስ ሚዜ እኔ ነበርኩ። ሰርጉ ጥር ላይ ነው። ልጁ ነሐሴ ተወለደ። የሰባት ወር ልጅ ነው! ቸኩሎ የመጣ። ይህን ያኔ ሁላችን ሰምተናል። እንግዲህ ሰባት ወር ደምርና ሃያ አንድ ይሞላ እንደሆነ አሳየን፣ ሊቁ!»

በጣቴ ደመርኩ። ሁለት ወር ጎደለ። ደግሜ ደመርኩ። በድንጋይ ሥራ ሁለት ጣት ቢጎድል ጭቃ ትሞላበታለህ፤ ሁለት ወር ግን በምን ይሞላል? አማቹ ጋቢውን አስተካከለ። የሓፍቶም ጆሮ ቀላ። እኔ፣ ዓመት ሙሉ የለፈለፍኩት ሰውዬ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ጣቶቼን መቁጠር ጀመርኩ። ለሚሞት ሰው «እወ» ብዬ ነበር።

ለምለም ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆማ ነበር። አስቀመጠችው።

«ግደይ» አለች። አቶ አላለችም፣ ሙሴም አላለችም። «የሰባት ወር ነው ብሎ የነገረህ ማን ነው?»

«ሰው ሁሉ… እናትሽም… ልጁ ቸኩሎ ነው ተብሎ…»

«ልጄ አልቸኮለም። ዘጠኝ ወር ሙሉ ነው የተሸከምኩት። የዘገየው ሰርጉ ነው።»

ከዚያ ዘነቡ፣ ከሴቶቹ መሐል፣ ብቻዋን እልል አለች። ማንም እንዳልተከተላት ስታይ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

ግደይ ያልተሸነፈ ሊመስል ሞከረ። «ይህ… ይህ በምን ይታወቃል? ቀሺ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እሳቸው ምንም አይሉም» አለች ለምለም። «ለእሳቸው በንስሐ ነግሬያቸዋለሁ፤ ከሃያ ዓመት በፊት ተሰግዶ አልቋል። ዛሬ የምነግረው ለእናንተ ነው።»

ቀሺ ሓጎስ አንገታቸውን ነቀነቁ። ምስኪን! የሚያውቁትን መናገር የማይችሉ ሰውዬ፣ እኔ ነኝ ያፋጠጥኳቸው።

«እሺ፣ ቀኑስ?» አለ ግደይ። የቢሮ ሰው እስከ መጨረሻው የቢሮ ሰው ነው። «ዛሬ መሙላቱ በምን ይታወቃል?»

«ቀኑንም ልንገርህ? ኅዳር ሚካኤል ነበር። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ማኅበር ላይ ነበር። አንድ ሰው ብቻ ዘግይቶ ሄደ፤ እናንተም በር ላይ አስቀመጣችሁት።»

ቤቱ በሙሉ ወደ በሩ ዞረ። በሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ዘነቡም ዞረች፤ የእሷ ዐይን ደግሞ የተለየ ነበር።

«እኔ አይደለሁም!» ብዬ ጮህኩ። «ኪሮስ ነው! ያኔ በር ላይ የተቀመጠው ኪሮስ ነው! ሲስቅ ነበር!»

ሲስቅ ነበር። ሕምባሻውን እያላመጠ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሚካኤል ያውቃል ያለው ለካ እውነቱን ነው። ሳቅ መጣብኝ፤ ዓመት ሙሉ በየደጃፉ ያልሳቅሁትን፣ እንደ ሞተው ባልንጀራዬ በር ላይ ተቀምጬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ቀሺ ቀጠሉ፣ ሴቶቹ ቀጠሉ፣ በመጨረሻ የግደይ ትከሻም ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሚዜው አይደል? በዚያ ጥር ሙሽራይቱ ቀሚሷ ለምን እንደጠበባት ሊጠይቅ ይችል ነበር።

ለምለም ብቻ አልሳቀችም። ቀና ብላ ቆማ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። ቀድማ ዐይኗን የሰበረችው እሷ አልነበረችም።

ቀሺ ጽዋውን ሞልተው ለሓፍቶም ሰጡት። ልጁ እናቱን አየ። «ጠጣ፣ ወደይ» አለችው ልጇን። ጠጣ። ዋጠ። በዚህኛው ጉንጭ ላይ እጅ ያወጣ የለም። ከዚያ ብድግ ብሎ፣ ግደይን ሳይጠይቅ፣ ቤቱን አቋርጦ መጣና ጽዋውን በሁለት እጁ ለእኔ አቀበለኝ። ያለ ፈቃድ! ያው እኔ የተቀጣሁበት ጥፋት ነው። ግደይ አፉን ከፈተ፤ ለምለም አየችው፤ ዘጋው።

ስዋው ትንሽ ቀጥኖ ነበር። አልተናገርኩም።

ዕድሜውን አላወረዱትም። ወደ ዐሥራ ስምንት ይውረድ የሚለው ጥያቄ አሁንም «ለሚቀጥለው ወር ይደር» እንደተባለ ነው፤ ለሌሎቹ የማኅበርተኛ ልጆች ስል በየወሩ አነሳዋለሁ፣ አሁን ደግሞ መደብ ላይ ሆኜ። አማቹ ጋቢውን ለብሶ ወደ ቢራው ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቅሁም። የኪሮስ ቦታ ግን የልጁ ሆኗል፤ የሆነውም አባቱ በር ላይ ተቀምጦ በሳቀበት በዓል፣ በኅዳር ሚካኤል፣ ኅዳር 12 ቀን ነው።